ሳሩ ነው ወይስ ሲሚንቶው?

ክሩ (የጥያቄና ምላሽ ሰንሰለቱ) የተከፈተው ኅዳር ላይ ነው፤ እንግሊዝ የምንኖር ሐበሾች ስለ ቤት የምናወራበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ። እዚያ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው የቤት ብድር ወለድ፣ የአከራይ ጭቅጭቅና የቦይለር ብልሽት ነው። ይሄኛው ግን 39 ምላሽ ድረስ ሄደ። እኔም ከመላሾቹ አንዱ ነበርኩ። ያውም የተሳሳትኩት። ስለዚህ ኀፍረቴንም ጨምሬ ላውጋችሁ።

ከፋቿ ከእንግሊዛዊ ባሏ ጋር ሱመርሴት ገጠር ውስጥ ቤት ገዝታለች። ሃም ሂል ከሚባለው ኮረብታ ብዙም አይርቅም። የዚያ ኮረብታ ድንጋይ የታወቀ ነው። ብረት ስላለበት ቀለሙ ወደ ማር ይሄዳል። ሞንታኪዩት የሚባለው ትልቁ የመኳንንት ቤትም የተሠራው በሱ ነው። የሷ ቤት ግን ትንሽ ናት። ግድግዳዋ የዚያው ኮረብታ ድንጋይ፣ ወለሏ ሰማያዊ የሚያጠቃው ግራጫ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ጣሪያዋ ሳር። የቅርስ መዝገቡ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ናት ይላል።

ችግሯ እርጥበት ነው። የወጥ ቤቱ ግድግዳ እስከ ወገብ ድረስ ረጥቧል። ቀለሙ ይላላጣል። ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠችው ነጠላ ሻግቶ አገኘችው። አንድ ባለሙያ ነኝ ባይ መጥቶ መለኪያ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። መለኪያው ጮኸ። ሰውየው ግድግዳውን ቀዳድቶ መድኃኒት ሊወጋው፣ ከዚያም ውሃ በማያሳልፍ ሲሚንቶ ሊለስነው ብዙ ሺህ ፓውንድ ጠየቀ። ጥያቄዋ ሁለት ነበር። እሺ እንበለው ወይ? ደግሞስ ሳሩን አንስተን ሸክላ ብናለብሰው አይሻልም ወይ? እግረ መንገዷን እናቷን አነሳች። አዲስ አበባ ያሉት እናቷ ፎቶውን ሲያዩ፣ ልጄ እንግሊዝ ድረስ ሄዳ ጎጆ ገባች ብለው አልቅሰዋል።

1ኛው ምላሽ እንኳን ደስ ያለሽ ብቻ ነው። 2ኛው ጥፋቱን ቶሎ ሳሩ ላይ ጣለ። ሳር ውሃ ይጠጣል፣ የጠጣውን ግድግዳው ላይ ያፈሳል አለ። 3ኛው ተስማማ፤ በዚህ ዘመን በሳር ቤት መኖር እብደት ነው ብሎም ጨመረ።

4ኛው እኔ ነኝ። አገር ቤት ሁለት ዓመት ግንባታ ላይ ሠርቻለሁ። በዚያች ልምድ ተኩራርቼ፣ ግድግዳው ከውጭም ከውስጥም በደንብ በሲሚንቶ ይታሸግ፣ ጠብታ እንዳያስገባ ብዬ ፈረድኩ። 11 ላይክ አገኘሁ።

ምላሽ 5 ዶርሴት ውስጥ አረጋውያንን ቤት ለቤት የምትንከባከብ ሴት ናት። ከምትሄድባቸው ቤቶች አንዱ የሳር ነው። ሦስት ክረምት ገብታ ወጥታለች፣ ከጣሪያው ጠብ ያለ ነገር አላየችም። በበጋ ሌላው ቤት ሲያፍን እዚያ ይቀዘቅዛል። 6ኛው በአንድ ቤት አይፈረድም ብሎ ቆረጣት። አነጋገሩ ትንሽ ደረቅ ነበር፤ እሷም ተመልሳ አልጻፈችም። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ትክክል ነበረች።

ክሩ የተለወጠው 7ኛው ላይ ነው። ጸሐፊው ዴቨን ውስጥ ከአንድ የሳር ክዳን ባለሙያ ጋር በረዳትነት ሦስት ዓመት ሠርቷል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብሎ ጀመረና ሳሩ ውሃ አይጠጣም አለ። ጣሪያው ከ45 ዲግሪ በላይ ቁልቁል ነው። ዝናቡ ከአገዳ ወደ አገዳ እየተቀባበለ ይወርዳል። ክዳኑ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወፍራም ሲሆን የሚረጥበው ላይ ላዩ ብቻ ነው። እሱ ራሱ ሌሊቱን ሙሉ ከዘነበ በኋላ እጁን ክዳኑ ውስጥ እስከ ክንዱ ሰድዶ ያውቃል። ጣቶቹ ሲገቡ ረጠቡ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ደረቅና ለብ ያለ ነበር፤ እንደ ጭድ ክምር ውስጥ።

ሳር ብለን ስለምንጠራው ነገርም አረመን። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የረግረግ ሸምበቆ ነው፣ የኖርፎክ ይታወቃል። ሌላው የስንዴ አገዳ ሲሆን እሱም ወይ እንዳለ ይከደናል፣ ወይ ተበጥሮ ሥሩ ወደ ውጭ እየሆነ ይደረደራል። በሷ አካባቢ የተለመደው የተበጠረው ስንዴ ነው። ሸምበቆው የበለጠ ይቆያል። የጣሪያው አናት ግን የትኛውም ቢሆን ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ መታደስ አለበት። ውሃ ከገባ ብዙ ጊዜ የሚገባው በዚያ ነው።

ከዚያ ስለ ልምጩ ጻፈ። እኔ ሦስቴ ያነበብኩት ይሄን ነው። ክዳኑን የሚይዘው ሚስማር አይደለም። ሄዝል የሚባል ዛፍ ልምጭ በቁመቱ ይሰነጠቅና ሁለቱም ጫፍ ይሾላል። መሃሉን በሁለት እጅ ይዘህ ልብስ እንደምትጨምቀው ትጠመዝዘዋለህ። ክሮቹ ይላቀቃሉ። ያኔ እንደ ፀጉር ማስያዣ ታጥፈህ በመዳፍህ ሳሩ ውስጥ ትተክለዋለህ። ሳትጠመዝዝ ካጠፍከው ቀጭ ይላል። የመጀመሪያ ቀን የተሰጠውን ልምጭ በሙሉ ሰባብሮ፣ አሠሪው ስብርባሪውን ለእሳት ማያያዣ ወሰዱት።

8ኛው የጣሪያው አናት ላይ የሚቀመጠው ከሳር የተሠራ ወፍ የኛ ጉልላት መሆኑ ነው ወይ ብሎ ቀለደ። የዴቨኑ ሰው ብዙ ከዳኞች ፊርማቸው አድርገው እንደሚተዉት መለሰለት።

9ኛው እሳት አነሳ። ለንደን በ1666 ተቃጥላ ሳር የተከለከለው ለዚህ አይደል አለ። 10ኛው አረመው። ለንደን ሳር ክዳንን ያገደችው ከዚያ በጣም ቀድማ፣ ከ1212ቱ ቃጠሎ በኋላ ነው። ከ1666ቱ ወዲህ የታዘዘው ግድግዳውም ጡብና ድንጋይ እንዲሆን ነው። 11ኛው ወደ ቲያትር ወሰደን። በ1613 ቴምዝ ማዶ የነበረው ግሎብ ቲያትር ትርኢት መሃል መድፍ ተተኩሶ ፍንጣሪው ሳሩ ላይ አረፈና ቤቱ ወደመ። የተጎዳ የለም ማለት ይቻላል። የአንድ ሰው ሱሪ ተያይዞ በቢራ አጠፉለት ይባላል። በ1997 የተከፈተው አዲሱ ግሎብም ሳር ነው፣ አሁን ግን ጣሪያው ላይ ውሃ የሚረጭ ቧንቧ አለው። አሥራ ምናምን ሰው በሱሪው ሳቀ።

12ኛው ሳቁ ይብቃ አለ። እሳት ካየው ምን ለየው፣ የሳር ቤት እሳት ቀልድ አይደለም። አብዛኛው የሚነሳው ከጭስ ማውጫው ነው። የእንጨት ምድጃ ካላት ማውጫው በየጊዜው ይጠረግ፤ ጫፉ ከጣሪያው አናት ቢያንስ 1.8 ሜትር ከፍ ይበል። እርጥብ እንጨት አታንድጂ ብሎም አስጠነቀቀ።

እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ወደ ላይ ነበር የምናየው። 13ኛው ወደ ግድግዳው መለሰን። ጡረታ የወጡ ግንበኛ ናቸው። ባዝ ከተማ አሮጌ የድንጋይ ቤቶች ላይ ሠርተዋል። ዕድሜያቸውን ስለጠቀሱ መድረኩ ላይ ወዲያው ጋሼ ሆኑ። የኔን ምላሽ ቁጥሩን ጠርተው አንድ በአንድ ፈቱት። ያ ግድግዳ አንድ አይደለም፣ ሁለት ካብ ነው አሉ። ከውጭ አንድ፣ ከውስጥ አንድ፣ መሃሉ ኮረትና አፈር። ውፍረቱ ክንድ ያልፋል። ማያያዣው ኖራ ነው። ዝናብ ሲመታው ትንሽ ያስገባል፣ ነፋስና ፀሐይ ሲያገኝ ያስወጣል። ቤቱ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የቆመው እንዲህ እየተነፈሰ ነው። ሲሚንቶ ሲለጠፍበት ውሃው በየስንጥቁ ይገባል፣ መውጫ ግን ያጣል። ስለ መለኪያውም ተናገሩ። መለኪያው የሚለካው ኤሌክትሪክ ማሳለፉን ነው፣ ጨው ላይም ይጮኻል። ድንጋይ ላይ በሱ አትተማመኚ አሉ።

ቀጥለውም ጎንደርን አነሱ። የፋሲል ግንብ የተገነባው በዚያው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ድንጋይና ኖራ ነው። አያቶቻችን የሚያውቁትን እኛ በአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ረሳነው አሉ። ይሄ ለኔ ነበር።

14ኛው አንድ ወጣት ነው። ሳይት ላይ ነው የምሠራው ብሎ ጋሼን አንተ እያለ፣ ያረጀ ዕውቀት ነው፣ ዘመኑ የኬሚካል ነው ብሎ ጻፈ። 15ኛው ተነስቶ መጀመሪያ አንቱታ ተማር አለው። 16ኛው ወጣቱን ጠበቀለት፤ ኢንተርኔት ላይ ሁሉም እኩል ነው ባይ ነው። ለአንድ ቀን ያህል ስለ ቤቱ ማንም አላወራም። ጋሼ ራሳቸው ግን አልተቆጡም። ለከፋቿ አንድ ፈተና ብቻ ሰጧት። ከውጭ ድንጋዮቹ የሚጋጠሙበት ላይ በቁልፍ ጫሪው። ነጭ ሆኖ ከተፈረፈረ ኖራ ነው። ቁልፉ ተንሸራቶ ግራጫ ከሆነ ሲሚንቶ ነው።

17ኛው የሷ ነው። ፎቶ ይዛ መጣች። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። ከወጥ ቤቱ በስተውጭ ያለው ግድግዳ በሙሉ በግራጫ ሲሚንቶ ተሞልቷል። ድንጋዩ ፊቱ እየተፈረፈረ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። ሲሚንቶው ግን ሳይነካ እንደ ከሳ ሰው የጎድን አጥንት ወጥቶ ቀርቷል። ቁልፏን ስታስደግፈው ድንጋዩ ነው እንደ እርጥብ ስኳር የወረደው። የቀድሞው ባለቤት ቤቱን ሊሸጥ ሲል ያስጠገነው መሆኑን ጎረቤት ነገራት። ሲሚንቶ ባልነካው በሰሜኑ ግድግዳ በኩል ውስጡ ደረቅ ነው። ሰሜን! ፀሐይ የማያየው!

18ኛው እኔ ነኝ። ይቅርታ ጠየቅሁ። ላይኩ አራት ነው።

19 እና 20 አጫጭር ናቸው፣ ግን ጠቃሚ። አንዱ የውጭውን መሬት ለኪ አላት። ለካች። ከወለሏ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ተገኘ። በየዘመኑ አፈርና ጠጠር ሲደፋበት ኖሯል። ሌላው ሳር ክዳን አሸንዳ እንደሌለው አስታወሳት። ክፈፉ ወደ ውጭ ረዝሞ ውሃውን ከግድግዳው አርቆ ይጥለዋል። የሚጥልበት ቦታ ሲሚንቶ ንጣፍ ከሆነ ግን ተፈናጥቆ ግድግዳውን ይመታል። ንጣፉ ይነሳ፣ ቦይ ተቆፍሮ ጠጠር ይሞላ።

ነገሩ እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። 21ኛው መጣ። ቁጡ ሰው ነው። ፈረንጅ ሳር ሲከድን ቅርስ ይባላል፣ እኛ ስንከድን ድህነት ይባላል ብሎ አፈነዳው። የከፋቿን እናት ለቅሶ አንስቶ፣ ማን ነው እንዲያፍሩ ያስተማራቸው አለ። ከጠቅላላው ክር ብዙ ላይክ ያገኘው ይሄ ነው።

22ኛው ሐቁን አልካደም፣ ግን ግማሹን ነው የተናገርከው አለው። እንግሊዞችም አፍረዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቦይና ባቡር የዌልስን ስስ ድንጋይ በርካሽ ሲያመጣ፣ አቅም ያለው ሁሉ ሳሩን አራግፎ ድንጋይ አለበሰ። ሳር የቀረው ደሃው ላይ ነው። ቅርስ የሆነው ደሃው ከወጣ በኋላ ነው። ዛሬ እነዚያን ቤቶች የሚገዛው የለንደን ገንዘብ ነው። ይሄን ሳነብ እንደገና ወደ ራሴ ምላሽ ተመለስኩ። ሁላችንም መጀመሪያ ጣታችንን ሳሩ ላይ የቀሰርነው ስለ ሳር ስለምናውቅ አይደለም። ቆርቆሮና ሲሚንቶ ማለት አለፈለት ማለት ሆኖ ስላደግን ነው። ጥፋተኛው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ እያለ እሱን ጠጋኝ ብለን እንጠራ ነበር።

23ኛው ላሊበላን አስታወሰ። እዚያም ክብ የድንጋይ ቤት አለ፣ ባለ ሁለት ፎቅ፣ ሳር ክዳን። 24ኛዋ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ሬዲዮ እንኳ አያሰማም ብላ አጉረመረመች። 25ኛው ስለ አያቱ ጎጆ ጻፈ። ጣሪያው ከጭሱ ብዛት ጠቁሮ ያብረቀርቅ ነበር። ጥቀርሻው አልፎ አልፎ ወጥ ላይ ጠብ ይላል። አያቱ ግን አያስጠርጉትም፣ ጭሱ ነው ምስጡን የሚያባርረው ይሉ ነበር።

የዴቨኑ ሰው 26ኛው ላይ በደስታ ተመለሰ። እንግሊዝም ይሄው አለ። ከዳኝ አሮጌውን ክዳን ሁልጊዜ ጨርሶ አያነሳም። የበሰበሰውን ገፎ አዲሱን በላዩ ይተክላል። ስለዚህ ከሥር ያለው በጣም ያረጀ ሊሆን ይችላል። ጭስ ማውጫ ከመለመዱ በፊት ቤቱ አንድ ትልቅ አዳራሽ ነበር፣ እሳቱ መሃል ወለሉ ላይ ይነድ ነበር። ዴቨን ውስጥ ያኔ በጭስ የጠቆረው ሳር እስካሁን ጣሪያ ሥር አለ። የመካከለኛው ዘመን ስንዴና አጃ፣ ከነአረሙ። ተመራማሪዎች ዛሬ ማሳ ላይ የማይገኝ እህል ከዚያ ለቅመዋል።

27ኛው ላይ ከፋቿ ባትሪ ይዛ ጣሪያ ሥር ወጣች። ወራጆቹ ቅርፊታቸው ያልተላጠ ድብልብል እንጨት ናቸው። ሳሩ ግን ወርቃማ ነው እንጂ ጥቁር አይደለም። ቅር እንዳላት ያስታውቃል። 28ኛው አጽናናት። ቤቷ በተሠራችበት ዘመን ጭስ ማውጫ ተለምዷል፤ ሳሎኗ ውስጥ ያለው ሰው የሚያስቀምጥ ሰፊ ምድጃ ምስክር ነው።

ከዚያ ተበታተነ። 29ኛው የተደፈነ መስኮት ካላት የመስኮት ግብር ነው አለ። 30ኛው ግብሩ ከ1696 እስከ 1851 እንደነበረ አረጋግጦ፣ ደሃው ግን ነጻ ስለነበር የጎጆ መስኮት ሁሉ በግብር አይመካኝም አለ። 31ኛው ባዝ ስለተነሳ ፌርፊልድ ሃውስን ጠቀሰ። ጃንሆይ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1936 ጀምሮ የስደት ዓመታቸውን ያሳለፉበት፣ በ1958 ለከተማው የሰጡት ቤት ነው። 32ኛው ስለ ጃንሆይ የፖለቲካ ነገር ጀመረ። 33ኛው የመድረኩ አስተባባሪ ነው። አጠፋው።

34ኛው ሊንከንሺር እርሻ ላይ የሠራ ነው። ዛሬ የሳር ክዳን ችግር ሳር ማጣት ነው አለ። የዘመኑ ስንዴ አጭር ነው፣ ማዳበሪያ ያደክመዋል፣ ኮምባይነሩም አገዳውን ይፈጨዋል። ለክዳን የሚሆነው እንደ ማሪስ ዊጅን ያለ የ1960ዎቹ ረጅም ዘር ነው፤ በአሮጌ ማሽን ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ማሳ ላይ ቆሞ ይደርቃል። ዋጋው ለዚህ ይወደዳል። ሸምበቆም ብዙው ከቱርክና ከምሥራቅ አውሮፓ በመርከብ ይመጣል። 35ኛዋ የሳር ቤት ኢንሹራንስ ዋጋ ሰምታ እንዳትገዛ መሐላ እንደገባች ነገረችን።

36ኛው ሁለተኛውን ጥያቄ ዘጋው። ቤቷ መዝገብ ላይ ያለች ናት። ሳር አንስቶ ሸክላ ማልበስ ያለ ፈቃድ ወንጀል ነው፣ ፈቃዱም ብዙ ጊዜ አይሰጥም። ለግድግዳውም ቢሆን ከመንካትሽ በፊት የአካባቢውን የቅርስ ባለሙያ ጠይቂ አላት። ያ ስስ ወራጅም ሸክላ አይሸከምም።

37ኛው የሷ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ። ጠይቃለች፣ ተፈቅዶላታል። ኖራ የሚያውቅ ግንበኛ ሲሚንቶውን በእጅ መሮ እየፈነቀለ ነው። ማሽን አይነካውም፣ የድንጋዩን ጠርዝ ይበላል። በቀን አንድ ሜትር ካሬ አይሞላም። ከውጭ መሬቱ ዝቅ ብሎ ጠጠር ተሞልቷል። የውስጡ ልስን ተነስቶ ግድግዳው እርቃኑን ነው። እስኪደርቅ አንድ በጋ ይጠብቃል፣ ጋሼ እንዳትቸኩይ ብለዋታል። መድኃኒት ወጊውን አሰናብታለች። እናቷ ሐምሌ ላይ ይመጣሉ።

ከዚያ አዲስ ጥያቄ ጠየቀች። እናቷ ቡና በከሰል ካልሆነ አይጠጡም። ሳር ሥር ከሰል ማቀጣጠል ይቻላል ወይ?

38ኛው በኤሌክትሪክ ይፈላ አለ። ማንም አልደገፈውም። 39ኛው ጋሼ ናቸው። ከሰል ቤት ውስጥ ሳሩን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ይገድላል አሉ። ውጭ ይሁን፣ ከክፈፉ ራቅ ብሎ፣ ዝናብ በማይኖርበት ቀን። እሷም እዚያው ሥር፣ ሱመርሴት መቼ ዘንቦ አባርቶ ያውቃል ብላ ጠየቀች። እስካሁን የመለሰላት የለም።